አትላሱስ?

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ አሮጌና ብርቅ መጻሕፍት የሚሸጥ ሱቅ ነው የምሠራው። የእኔ መደርደሪያ ከቅኝ ግዛቱ ዘመን አንስቶ እስከ አሜሪካ አብዮት ማግስት ያለው ነው። ሰፈሩም ለዚህ የተሠራ ይመስላል። የጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ የነበረው ማውንት ቨርነን ቅርባችን ነው፤ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ደግሞ ሰዉን ብትሰሙት ዋሽንግተን ያልበላበት ምግብ ቤት፣ ያልጸለየበት ቤተ ክርስቲያን የለም። አንድ ሽማግሌ ባረፉ ቁጥር ልጆቻቸው ቤቱን ሲያጸዱ የዋሽንግተን ስም ያለበት ነገር ሁሉ ወደ እኛ ይጎርፋል። አብዛኛው ይህ ነው የሚባል ዋጋ አያወጣም። ቆዳ ስለለበሰና 200 ዓመት ስላለፈው ብቻ ገንዘብ የሚሆን መጽሐፍ ጥቂት ነው፤ ይህን ለሰው ማስረዳት የሥራዬ ግማሽ ሆኗል።

ጋሼ የመጡት አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ስማቸው ይቆየን፤ ታክሲ የሚነዱ፣ አገሩን ጥግ ድረስ የሚያውቁ ሰው ናቸው። "እዚያ መጻሕፍት ቤት የሐበሻ ልጅ ትሠራለች" ሲባል ሰምተው ነው። በአንድ ትከሻቸው ትልቁን ሰማያዊ የኢኬያ ከረጢት አንጠልጥለዋል፤ በሌላው እጃቸው በመታጠቢያ ፎጣ የተጠቀለለ ፍሬም።

"ልጄ፣ አንቺ የአገሬ ልጅ ነሽ። ለፈረንጁ ሳትነግሪ በፊት ለእኔ እውነቱን ንገሪኝ" አሉ።

ፈረንጁ አለቃዬ ነው፤ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ ሳጥን እየከፈተ ነበር።

መጀመሪያ ፍሬሙን ፈቱት፤ ተስፋቸው እሱ ላይ ነበርና። ኡልስተር ካውንቲ ጋዜት የሚባል ጋዜጣ፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 1800፣ ዙሪያው በጥቁር የሐዘን መስመር የታጠረ፣ ውስጡ የዋሽንግተን ሞት የተዘገበበት። ዋሽንግተን የሞተው ዲሴምበር 14 ቀን 1799 ስለሆነ ቀኑ ልክ ነው። ችግሩ ይህ ጋዜጣ በአሜሪካ ታሪክ እጅግ ብዙ ጊዜ በማስታወሻነት ተባዝተው ከታተሙት አንዱ መሆኑ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እየታተመ ተሽጧል፤ የየቤቱ አያት አንድ አንድ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጣለች። የኮንግረስ ላይብረሪ እንኳ እውነተኛውን ሲፈልግ ኖሮ ያገኘው በ1930 ነው። እኛ ሱቅ ደግሞ በየጊዜው ይመጣል፤ አለቃዬ ከሩቅ ጥቁሩን መስመር ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ ሳቁ እንዳይታይበት።

"ጋሼ፣ ይህ ኋላ የተባዛ ነው" አልኋቸው።

"እንዴት ይሆናል? ራሱ 1800 ይላል እኮ!"

ከፍሬሙ አውጥቼ ከመስኮቱ ፊት ያዝኩት። በዚያ ዘመን ወረቀት የሚሠራው ከተልባ እግርና ከጥጥ ጨርቅ ቅዳጅ ነበር፤ በእጅ በሽቦ ወንፊት ተጠልፎ ስለሚወጣ ብርሃን ላይ ሲያዝ የሽቦው መስመር ይታያል። የጋሼ ጋዜጣ ምንም መስመር የለውም፤ ጠርዙ ላይ ቡናማ ሆኖ ይሰባበራል። ይህ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ የመጣው የእንጨት ወረቀት ነው። ውስጡ ያለው አሲድ ራሱን በራሱ ይበላዋል። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ የታተመ መጽሐፍ ያለው ሰው ይህን ቀለም ያውቀዋል።

ጋሼ ጋዜጣውን ተቀብለው ራሳቸው ብርሃን ላይ አዩት። አላመኑኝም። ፎጣውን መልሰው ጠቀለሉበት።

ከከረጢቱ የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው። አምስት ቅጽ፣ ቡናማ የጥጃ ቆዳ፣ ጀርባቸው ላይ የደበዘዘ ቀይ መለያ። ጆን ማርሻል የጻፈው የጆርጅ ዋሽንግተን ሕይወት፣ ፊላደልፊያ፣ አሳታሚው ሲ ፒ ዌይን፣ ከ1804 እስከ 1807። አንዱን ገለጥሁት፤ ወረቀቱ ጠቃጠቆ ጣል ጣል ቢልበትም አሁንም ጠንካራና ነጣ ያለ ነው፣ ሲገለጥ ድምፅ አለው። ማርሻል ያኔ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ነበር። የዋሽንግተንን ወረቀቶች የወረሰው የወንድሙ ልጅ ቡሽሮድ ዋሽንግተንም እዚያው ፍርድ ቤት ዳኛ ነው፤ ሁለቱ ተማክረው ነው ነገሩን የጀመሩት። መጽሐፉ የተሸጠው አስቀድሞ ገዢ በመመዝገብ ነበር፤ ይህን ሥራ አገር ዞሮ ከሠሩት አንዱ ፓርሰን ዊምስ የተባለው ቄስና ነጋዴ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ ሲደርስ ገዢዎቹ አጉረመረሙ፤ የዋሽንግተንን ታሪክ ብለው ከፍለው የመጣላቸው ቅጹን ሙሉ የቅኝ ግዛቶቹ ታሪክ ነዋ! ዊምስ ብልህ ስለነበረ የራሱን አጭር የዋሽንግተን ታሪክ ጎን ለጎን ይሸጥ ነበር። ትንሹ ዋሽንግተን የቼሪ ዛፍ ቆርጦ "መዋሸት አልችልም" አለ የሚባለው ተረት በ1806 የገባው እዚያ ውስጥ ነው። ማርሻል ማስረጃ ይዞ አምስት ቅጽ ጻፈ፤ ሕዝቡ የሚያስታውሰው የዊምስን ዛፍ ሆነ። ይህ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

አለቃዬ ሳጥኑን ትቶ መጣ። መጻሕፍቱን ሳይነካ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ "አትላሱስ?"

የማርሻል ሥራ አምስት ቅጽ ብቻ አይደለም። በ1807 የወጣ ስድስተኛ ነገር አለው፤ አትላስ የሚሉት የካርታ መጽሐፍ፣ 10 የአብዮቱ ጦርነት ካርታዎችና የተመዘገቡት ገዢዎች ስም ዝርዝር ያለበት። ቁመቱ ከሌሎቹ ስለሚበልጥ ከነሱ ጋር መደርደሪያ ላይ አይቆምም። በዚህ የተነሳ ባለቤቱ ወይ ከትልልቅ የሥዕል መጻሕፍት ጋር ያኖረዋል፣ ወይ ምድር ቤት ይወረውረዋል። በ200 ዓመት ውስጥ ቤት ሲለቀቅ፣ ሰው ሲሞት፣ ንብረት ሲከፋፈል ይጠፋል። በእኛ ሥራ መጽሐፉ ስንት ዓመቱ ነው ከሚለው በፊት ሙሉ ነው ወይ የሚለው ይቀድማል። ያለ አትላሱ አለቃዬ ለአምስቱ 300 ዶላር ሊሰጣቸው ይችላል፤ ከነአትላሱ ከሆነ ወደ ሺዎቹ ይገባል።

ይህንን በአማርኛ አስረዳኋቸው። የገዙት በ60 ዶላር ከአንድ ኤስቴት ሴል፣ የሟች ቤት ዕቃ ከሚሸጥበት ነው፤ 300ውን ሲሰሙ ፊታቸው በርቶ ነበር፣ ሺዎቹን ሲሰሙ ግን ከረጢቱን አነሱት። "ቤቱን አውቀዋለሁ" ብለው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ ደወሉ። የሟቹ ልጅ፣ ጠና ያለች አሜሪካዊት፣ ምድር ቤት ከሸክላ ዘፈኖቹ ሥር አግኝታላቸዋለች። ስልካቸውን አስጠግተው አሳዩኝ፤ ሰፊ፣ ሽፋኑ የላላ፣ የስሞቹ ዝርዝር በየዓምዱ የተደረደረበት።

"ካርታዎቹን ይቁጠሩልኝ።"

ጣታቸውን በምላሳቸው ሊያርሱ ሲሉ ጮህኩባቸው። በደረቅ ጣት ቆጠሩ፤ ስምንት። ሁለት ቦታ ላይ ከስፌቱ አጠገብ በምላጭ የተቆረጠ ጠባብ የወረቀት ጉቶ ይታያል። የትኞቹ እንደጎደሉ ገና ሳላረጋግጥ እሳቸው ስልኩን ወደ ኮሪደሩ ግድግዳ አዞሩት። ቦስተን ከነዙሪያዋ በአንድ ፍሬም፣ የቨርጂኒያዋ ዮርክታውን ከበባ በሌላ ፍሬም። አባትየው ናቸው ቆርጠው የሰቀሏቸው። እያንዳንዱ ላይ 40 ዶላር የሚል ብርቱካንማ ወረቀት ተለጥፏል።

ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሴትዮዋ አጠገባቸው ቆማለች፣ አማርኛ ግን አትሰማም። "አትላሱን በ10 ዶላር ትሰጠኛለች። በድምሩ 90 ነው። ልክፈልና ልውጣ?"

አለቃዬ ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። "ይንገሯት" አለ።

የሱቃችን ደንብ ነው፤ ዋጋውን የሚያውቅ ገዢ ለማያውቅ ሻጭ ይናገራል። አለቃዬ ይህን የሚያደርገው ጽድቅ ፈልጎ ብቻ አይደለም። ይህ ንግድ ጠባብ ነው፤ የሟች ቤተሰብ ተታለልኩ ካለ ወሬው በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠበቃውም፣ ጎረቤቱም፣ ቤት አሻሻጩም ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ የሚቀጥለው ጥሩ ቤት ለሌላ ሱቅ ይደውላል።

ለጋሼ እንዳለ ነገርኋቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም? እኔ መርካቶ ነው ያደግሁት! ገበያ መሃል ዕውቀት በነፃ ይታደላል?"

"ጋሼ፣ ሳይነግሯት ይዘው ቢመጡ እኛ አንገዛዎትም። አለቃዬ ነው ያለው።"

ዝም አሉ። ስልኩ ለረጅም ጊዜ ጣሪያውን ብቻ ሲያሳየኝ ቆየ። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ሰማኋቸው፤ "እመቤት፣ ይህ ነገር ገንዘብ ነው። በ10 ዶላር አትሽጪው። እኔ አምስቱ አሉኝ፣ አንቺ ይህ አለሽ፣ አብረን እንሂድ።" ከእኔ የተሻለ አስረድተዋል።

ረቡዕ ሁለቱም በጋሼ ታክሲ መጡ። ሁሉም ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ መጀመሪያ የተመለከትነው ካርታዎቹ የዚሁ አትላስ መሆናቸውን ነው፤ ከሌላ ቅጂ የተቆረጠ ካርታ አምጥቶ መሙላት የተለመደ ነውና። የቦስተኑን የተቆረጠ ጠርዝ ጉቶው ላይ አስጠጋሁት፤ ምላጩ መሃል ላይ ትንሽ ተንቀጥቅጦ የሄደበት ቦታ እንኳ ልክክ አለ። የዮርኩ ግን ጠርዙ ለፍሬሙ እንዲበቃ ተከርክሟል። ያም ሆኖ ከፊቱ በነበረው ገጽ ላይ የቀለሙ ጥላ ታትሞ ቀርቷል፤ ሲጋጠም መስመር በመስመር ሄደ። ከጀርባቸው ያለው ርካሽ ካርቶን ዙሪያውን ቡናማ ክፈፍ ጥሎባቸዋል፤ ቦስተን ደግሞ ከነሙጫው ነው።

አለቃዬ ለሁሉም 2,000 ዶላር አለ። ጠቡ የተነሳው እዚህ ላይ ነው። ጋሼ "እኔ አምስት፣ እሷ አንድ፤ ለስድስት ይካፈል" አሉ። ሴትዮዋ ደግሞ "ያለ እኔ አትላስ ያንተ አምስቱ 300 ነው ተብለሃል" አለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። አለቃዬ ቡና ቀድቶ ሄደ፤ እኔ በሁለት ቋንቋ መሃል ቆሜ ቀረሁ። መጨረሻ ላይ እኩል ተካፈሉ፤ ጋሼ ግን ለመጓጓዣው ብለው 50 ዶላር አስጨመሩ፣ ታክሲው ላይ ታሪፍ አለ ብለው።

ካርታዎቹን ወረቀት የሚያድስ ባለሙያ ዘንድ ላክናቸው፤ ሙጫው በዝግታ በእርጥበት ተለቀቀ። ቡናማው ክፈፍ ደብዘዝ አለ እንጂ አልጠፋም። መልሰን አልሰፋናቸውም፤ ከአሲድ ነፃ በሆነ ማኅደር ውስጥ አድርገን ከአትላሱ ጋር አኖርናቸው። የሽያጩን መግለጫ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት ካርታ ተቆርጠው የነበሩ መሆናቸውን፣ የአንዱ ጠርዝ መከርከሙን፣ ክፈፉን፣ የላላውን ሽፋን፣ ጠቃጠቆውን፣ በሦስተኛው ቅጽ ላይ ያለውን የቀለም ጠብታ ሳይቀር።

ጋሼ የሆነ ሰው አሳይቷቸው መግለጫውን አንብበው ኖሯል። ደወሉ።

"ይህ ምንድን ነው? በሬ ሲሸጥ ያነክሳል ተብሎ ይጻፍበታል?"

"እዚህ ይጻፋል፣ ጋሼ። ካልጻፍን ገዢው አይቶ ይመልሰዋል።"

"ታዲያ እንዲህ ስሙ ጠፍቶ ማን ይገዛዋል?"

"ተሸጧል እኮ።"

ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ፤ "በስንት?"

"እሱንማ አልነግርዎትም።"