የጥቢ አደራ

መስከረም 18፣ ደብረ ብርሃን

ዛሬ ጭጋግ የሌለበት ጠዋት ነው። ቡናዬን ይዤ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ውሻዋ ዳማ መጣችና እግሬ ላይ ተዘርግታ ተኛች። ሁለቱ ልጆቿ አጥር ሥር የበቀለውን አደይ አበባ ነቅለው ይጓተታሉ። ግቢው ከላይ ደርቋል፣ ሲረገጥ ግን ገና ጭቃ ነው። ብርዱም አለ። ይህች ከተማ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ጥቢ ገባ ተብሎ ጋቢ አይወልቅም።

ዳማን ያገኘኋት ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው። በሬሳ ወንዝ አካባቢ፣ ተጀምሮ የቀረ ቤት ውስጥ፣ ሦስት ቡችሎች አቅፋ ነበር። ቡችሎቹ ዓይናቸውን ከገለጡ ብዙም አልቆዩም። ዶፍ ይወርዳል፤ ውሃው ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ልጆቹን ቅርጫት ውስጥ አደረግኳቸው። እሷ እያነከሰች ከኋላዬ ተከተለችኝ። አንድ ጊዜም አልጮኸችብኝም።

እማዬ በሩ ላይ ስታየኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ እኛ መች ሞቀንና ነው?» አለች። «አደራ ነው እማዬ፣ ባለቤት እስኪያገኙ ብቻ» አልኳት። «የሰው አደራ እንጂ የውሻ አደራ ሰምቼ አላውቅም» ብላ ገባች። ማታ ግን አሮጌውን ባና አምጥታ ማዕዘኑ ላይ አነጠፈችላቸው። የመንዝ ሱፍ ነው፤ ከአያቴ የቀረ።

ሦስተኛው ቡችላ ሞተብኝ። ስለ እሱ ለመጻፍ እስከ ዛሬ አልቻልኩም ነበር። ጳጉሜን ላይ ማስመለስ ጀመረው፣ ከዚያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ። የእንስሳት ሐኪሙ ፓርቮ የሚባለው የቡችሎች በሽታ ሳይሆን አይቀርም አለኝ። ፈሳሽ ሰጠው። ሌሎቹን ለየሁ፣ ወለሉን በበረኪና አጠብኩ። ሌሊቱን እቅፌ ውስጥ ነበር፤ ትንፋሹ እየሳሳ ሲሄድ ይሰማኛል። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ባሕር ዛፉ ሥር ቀበርኩት። በማግስቱ ልጆቹ አበባየሆሽ እያሉ በራችን ላይ ሲመጡ ሳንቲም ሰጥቼ ቶሎ ገባሁ። ማልቀሴን እንዲያዩ አልፈለግኩም።

ሁለቱ ተረፉ። አሁን ሁለት ወር አልፏቸዋል። የገብስ ገንፎ ከተቀቀለ ሥጋ ጋር ይበላሉ። ለመስቀል ጎረቤታችን የዶሮ አጥንት በሳህን ይዘው መጡ፤ ደግ ሴት ናቸው። አመስግኜ ተቀበልኩና አልሰጠኋቸውም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ወጡም ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከመንዝ፣ ከጓሳ አካባቢ ለገበያ የመጡ ዘመዳችን ሴቷን ቡችላ አይተው ወደዷት።

«ለበጎቼ ትሆነኛለች። ልውሰዳት?»

«ጋሼ፣ ሦስት ወር ሞልቷት የእብድ ውሻ ክትባት ሳትወስድ አልሰጥም።»

«በእኛ አገር ውሻ ማን ይከትባል ልጄ?»

እኔ ደግሞ በዚህ አልደራደርም። ጓሳ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፤ ሁሉም እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው። በ1995 ማብቂያና በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ ባሌ ላይ ብዙዎቹን የጨረሳቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ የያዛቸውም ከሰው ውሾች ነው። ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከዚያ፣ «ቀበሮዋ እኮ አይጥ ነው የምትበላው፣ ከእኛ ጋር ጠብ የላትም» አሉ። ጓሳን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሣሩን እነ አያቶቻቸው ሕግ አውጥተው ሲጠብቁት ነው የኖሩት። ቆይተው፣ «በይ እንግዲያው ጥቅምት ማብቂያ ላይ እመጣለሁ፤ አስከትበሽ አቆይልኝ» አሉኝ። እጃቸውን መሳም አማረኝ።

የዛሬው ቀን በዓለም ዙሪያ ስለዚህ በሽታ የሚታሰብበት ነው። ክትባቱን የሠራው ሉዊ ፓስተር የሞተበት ዕለት ስለሆነ ነው የተመረጠው። እዚህ ሰፈር ቀኑን የሚያውቅ የለም። ጠዋት ውሃ የምንቀዳበት ቦታ ላገኘኋቸው ልጆች ግን ነገርኳቸው፦ ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ እጠቡ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። አንደኛው 15 ደቂቃ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። አብረን ልንቆጥር ሞከርን።

ለወንዱ ገና ጠያቂ አልመጣም። ዳማን ደግሞ እስካሁን የጠየቀኝ የለም። ትልቅ ውሻ፣ ያውም የምታነክስ፣ ማን ይፈልጋል? ትናንት ማታ እማዬ፣ «እናትየዋስ?» አለችኝ። «እሷን የሚወስድ አላገኘሁም» አልኩ። ምንም አልመለሰችም።

አሁን ይህን ስጽፍ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የባናውን የተተረተረ ጫፍ በመርፌ እየሰፋች ነው። ዳማ አጠገቧ ተኝታለች። ለምን እንደምትሰፋው አልጠየቅኳትም።