የቦቴው ውሃ

አዳማ በጋ ላይ ነፋሱ ሲነሳ አቧራው የማይገባበት የለም። ቅዳሜ ሠርግ ነበረብን፤ አርብ ጠዋት ስንደርስ የመዋኛ ገንዳው ወለል በወንፊት እንደተነፋ ዱቄት በላመ አፈር ተሸፍኗል። አፈሩን ከወለሉ የሚስበውን ቫኪዩም ገጣጠምኩ፣ ቱቦውን በውሃ ሞልቼ አየሩን አስወጣሁ፣ የፊልተሩን እጀታ «ዌስት» ላይ፣ ማለትም ውሃው ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ፍሳሽ በሚወጣበት ላይ፣ አድርጌ መሳብ ጀመርኩ። ሥራ አስኪያጃችን ውሃው ወደ ፍሳሽ ሲወርድ አይቶ እየሮጠ መጣ።

«ይሄ ውሃ በቦቴ እንደተገዛ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ፊልተሩ ለምን ተገዛ? ፊልተር ላይ አድርገው!»

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ቅጠል ወይም ሻካራ አሸዋ ቢሆን እኔም የምስበው በፊልተር ነው፤ ውሃው ተጣርቶ ይመለሳል፣ የሚባክን ነገር የለም። የአሸዋ ፊልተር ግን ከ20 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በታች የሆነውን አፈር በደንብ አይዝም። በአሸዋው መሃል ሾልኮ ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ይገባል። ይህን አስረዳሁት።

«አንተ መቼም ምክንያት አታጣም» አለኝ፣ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ሁሉ እየሰሙ።

ፓምፑን አጥፍቼ እጀታውን ወደ ፊልተር አዞርኩ፤ ፓምፑ እየሠራ ከዞረ ውስጡ ያለው ጎማ ይበላሻል። እሱ ከጎኔ ቆሞ ያያል። ቫኪዩሙ ያለፈበት ቦታ ሰማያዊው ሴራሚክ ብቅ ሲል «አየህ?» አለኝ። ወዲያው በመመለሻው ቀዳዳ ቡናማ ውሃ እየተግተለተለ መውጣት ጀመረ። እሱ ስልክ ተደውሎለት ሄደ። ምሳ ሰዓት ላይ ወለሉ ጨርሶ አይታይም ነበር።

ማታ አሉም ጨምረን፣ ፓምፑን አጥፍተን አሳደርነው። አሉም ደቃቁን አፈር እርስ በርሱ አያይዞ ወደ ታች ያዘቅጠዋል። ሊነጋጋ ሲል፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ቀስ እያልኩ በዌስት ሳብኩት፤ ከተቻኮሉ የረጋው ተመልሶ ይነሳል። ውሃው ከስኪመሩ፣ በገንዳው ጠርዝ የላይኛውን ውሃ ከሚስበው ክፍት፣ አፍ በታች ከወረደ ፓምፑ አየር ስለሚስብ ረዳቴ በሌላ ቱቦ እየሞላ አብሮኝ ነበር። ፊልተሩ ራሱ በአፈር ስለታፈነ ለባክዋሽ፣ ውሃ በተቃራኒ አቅጣጫ ሰዶ ፊልተሩን ለማጠብ፣ ደግሞ ሌላ ውሃ ፈሰሰ።

ሠርጉ በሰዓቱ ተጀመረ። ሰኞ የተጨማሪው ቦቴ ሂሳብ ሲጠየቅ የተጠራሁት እኔ ነኝ። የሆነውን ተናገርኩ፣ ሥራ አስኪያጁም አልካደም፤ በልጆቹ ፊት ያለኝን ግን እስከዛሬ አላነሳውም። አሁን ለሥራው አዲስ የሆነ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ከወለሉ ትንሽ አፈር አውጥቼ በጣቱ እንዲያሸው እሰጠዋለሁ። ከሻከረው ፊልተር፣ ከላመ ዌስት።