አማካዩ የደፈነው ጉድጓድ

ደሴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለፈው ክረምት፣ ጦሳ ቀኑን ሙሉ ጉም ለብሶ በሚውልበት ሰሞን፣ አንድ ጥያቄ ይዤ ቤት ተቀመጥኩ። የአየር ንብረትን በኮምፒውተር የሚያሰሉ ሞዴሎች የደቡብ ዋልታውን የኦዞን ጉድጓድ፣ ማለትም ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀን የኦዞን ጋዝ የሚሳሳበትን ሰማይ፣ ቅርጹን በትክክል ያሳያሉ ወይ?

ለተማሪ ስንስለው ዋልታው ላይ ልክ እንደ ሳንቲም ድቡልቡል እናደርገዋለን። እንደዚያ አይደለም። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር፣ ማለትም በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ፀደይ፣ ጉድጓዱ ወደ ደቡብ አሜሪካና አትላንቲክ ያጋድላል። በአውስትራሊያ በኩል ደግሞ ኦዞን ይከማቻል። ከተራሮች፣ ከየብስና ከባሕር ልዩነት የሚነሱ ግዙፍ የአየር ሞገዶች ወደ ላይ ወጥተው ዋልታውን የሚዞረውን ቀዝቃዛ የነፋስ አዙሪት፣ ከነጉድጓዱ፣ ከዋልታው ይገፉታል።

ኢራ-5 የሚባለውን፣ ያለፉትን ዓመታት የአየር ሁኔታና ኦዞን የያዘውን የአውሮፓ ነጻ ዳታ አወረድኩ። ኔትወርኩ የሚሻለው ሌሊት ስለሆነ ስንት ሌሊት አደርኩበት። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የሳልኩት የመጀመሪያው ካርታ ግን ጉድጓዱን አውስትራሊያ ጎን አስቀመጠው! ሁለት ቀን ግራ ገባኝ። ለካ ዳታው ኬንትሮስን የሚቆጥረው ከ0 እስከ 360 ነው፤ እኔ ደግሞ ከ-180 እስከ 180 ብዬ ሰይሜዋለሁ። 320 ላይ የነበረው 140 ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲህ የባሕር ዳርቻ መስመር ሳልስል አንድም ካርታ አላምንም።

ቀጥሎ ብዙ ሞዴሎች ያደርጉት የነበረውን ደገምኩ። የራሳቸው ኬሚስትሪ የሌላቸው ሞዴሎች ኦዞንን ከተዘጋጀ ሠንጠረዥ ይወስዳሉ። በሲሚፕ-5 (የዓለም የአየር ንብረት ሞዴሎች የሚነጻጸሩበት ፕሮጀክት አምስተኛ ዙር) ዘመን ሠንጠረዡ በየኬክሮሱ ዙሪያውን የተደመረ አማካይ ነበር። አንድ ቀን መርጬ እንደዚያው አማከልኩ። በአንድ ወገን ከ220 ዶብሰን (የኦዞን መጠን መለኪያ ነው) በታች፣ በሌላው ከ350 በላይ የነበረው ሁሉ 290 አካባቢ ሆነ። ጉድጓድ የሚባለው ከ220 በታች ሲሆን ነው። በዚያ ኬክሮስ ላይ ጉድጓዱ ተደፈነ። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ድምሩም አልጎደለም። ለረጅም ጊዜ አማካዩን ብቻ አይቼ «ሞዴሉ ጥሩ ነው» ስል እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ አዘንኩም።

ነገሩን ያበራልኝ ግን ጓዳ ነው። እማዬ እንጀራ እየጋገረች፣ በበሩ ንፋስ ገብቶ እሳቱ ከምጣዱ ሥር ወደ አንድ ጎን ሸሽቷል። ያወጣችው እንጀራ ግማሹ አይኑ ጥርት ብሏል፤ ሌላው ግማሽ ልሙጥ ነው።

«እማዬ፣ ምጣዱ እኮ ግሏል» አልኳት።

«አንድ ወገኑ ነው የጋለው። አብሽር፣ እንጨቱን ወደዚህ ገፋ አርገው።»

አይን የሚወጣው ሙቀቱ ከልኩ ሲደርስ ነው። የምጣዱ አማካይ ሙቀት ለልሙጡ ግማሽ ምንም አይፈይድለትም። ሰማዩም እንዲሁ ነው፤ ልኩ ግን የቅዝቃዜ ነው። ከሲኤፍሲ፣ ማለትም ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባ ከነበረው ኬሚካል፣ የመጣው ክሎሪን ነቅቶ ኦዞንን ለማጥፋት የሚዘጋጀው ከ-78 ዲግሪ በታች በሚፈጠሩ የስትራቶስፌር (ኦዞኑ ያለበት የላይኛው የአየር ንጣፍ) ደመናዎች ላይ ነው። አንዱ ወገን -84፣ ሌላው -70 ነው እንበል። አማካዩ -77 ይሆናል። በአማካዩ ከሄድን ደመና የለም፣ ክሎሪኑም አይነቃም። ግማሹ ሰማይ ግን ደመና ይዟል።

ጣጣው ኦዞን ላይ አያበቃም። ኦዞን ሲያንስ የሚዋጠው የፀሐይ ጨረር ይቀንሳል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ አዙሪቱም ይበረታል። ስለዚህ ቅርጹን የሳተ ሞዴል ቅዝቃዜውንም ነፋሱንም አሳንሶ ያሳያል። በወር አማካይ መሥራትም የራሱ ችግር አለው፤ ጉድጓዱ ከቀን ቀን ስለሚዞር ጠርዙ ይደበዝዛል።

የቀጣዩ ዙር፣ የሲሚፕ-6፣ ሠንጠረዥ ኬንትሮስንም ይዟል። ትልቅ እርምጃ ነው። ግን የሞዴሉ አዙሪት ወደ ምሥራቅ ሲሄድ የሠንጠረዡ ጉድጓድ ባለበት ይቀራል፤ ሁለቱ ይተላለፋሉ። አብረው የሚሄዱት ሞዴሉ ኦዞኑን ራሱ ሲያሰላ ብቻ ነው። እሱም ኮምፒውተር ይበላል፤ ከእነዚህም ውስጥ አዙሪታቸው ከእውነተኛው ዘግይቶ የሚፈርስ ብዙ ናቸው።

አሁን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2002 ላይ ነኝ፤ ጉድጓዱ ለሁለት የተከፈለበት ወር። ቀን በቀን እየሳልኩ፣ ከእያንዳንዱ ካርታ ጎን አማካዩን አስቀምጣለሁ። በግራ ሁለት ጉድጓድ፣ በቀኝ አንድ የደበዘዘ ቀለበት። መጀመሪያ የማሳየው ለተማሪዎቼ ነው።