የሬይኒርን ተራራ መዞር፣ በረዶው ሳያልቅ

የእግር ጉዞ ፈቃዱ ሲደርሰኝ ተራራው ላይ ገና በረዶ እየጣለ ነበር። ወንደርላንድ የሚባለው የእግር መንገድ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ያለውን የሬይኒርን ተራራ ይዞራል፤ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የትኛዋን ሌሊት የት እንደምታድር ከወራት በፊት ታስመዘግባለህ። እዚያው ተራራ ላይ ፓራዳይዝ የሚባለው ቦታ እ.ኤ.አ. በ1971-72 ወቅት 28.5 ሜትር በረዶ ወርዶበታል። እንዲህ ባለ አገር ጁላይ ገባ ብሎ መነሳት አይቻልም።

ሲያትል ተቀምጬ ከሜይ ጀምሮ በየጠዋቱ የበረዶውን ጥልቀት አያለሁ። አቅጣጫዬንም የመረጥኩት በእሱ ነው። ከሎንግማየር ተነስቼ መጀመሪያ በምዕራብ በኩል ሄድኩ። ከፍተኛው ቦታ ፓንሃንድል ጋፕ 2,000 ሜትር ያልፋል፤ በረዶውም እስከ ኦገስት ሊቆይ ይችላል። በዚህ በኩል ስትሄድ ወደ መጨረሻው ነው የምትደርስበት፤ እስከዚያ ፀሐይ ትሠራልሃለች።

የመነሻዬን ዋዜማ ፓርኩ ደጃፍ ያለ ማደሪያ አደርኩ። 190 ዶላር! ሙቅ ውሃ የለም። የጎረቤት ቴሌቪዥን እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሲጮህ አደረ። አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

ምዕራቡ ጫካ፣ ዳገትና ትንኝ ነው። የሚያስጨንቀው ወንዙ ነው። ከበረዶ ግግር የሚወጣው ውሃ ጠዋት ይቀንሳል፣ ከሰዓት በኋላ ይሞላል። ድልድዩ ብዙ ቦታ አንድ ግንድ ነው፣ እሱንም ጎርፍ ይወስደዋል። ስለዚህ ትልልቆቹን ወንዞች በማለዳ ተሻገርኩ። ሰሜን ተራሮች ላይ ከሳንቃበር ወደ ጨነቅ ስንሄድ በቅሎው፣ ስካውቱ፣ ወሬው ነበር። እዚህ ሰው ናፈቀኝ።

ከፓንሃንድል ጋፕ በታች ያለው ማደሪያ፣ ሳመርላንድ፣ ስደርስ አንዲት ሸበቶ ሴት ከላይ ወረዱ። ሳልጠይቃቸው ካርታዬን ተቀብለው የበረዶውን ቁልቁለትና የእግራቸውን ዱካ በእርሳስ አሰመሩልኝ። «በማለዳ እንዳትወጣ፤ ሌሊት ይጠጥርና ያንሸራትታል። ፀሐይ ትንሽ ታለስልሰው» አሉኝ። ወንዙን ስትሻገር ትማልዳለህ፣ በረዶውን ግን ረፈድ እስኪል ትጠብቀዋለህ። ይህን በደንብ የገባኝ ከእሳቸው ነው። በሶ በማር በጥብጬ ሰጠኋቸው፤ አንድ ጭላጭ አላስቀሩም።

በማግስቱ እስከ 3 ሰዓት ጠበቅኩ። ሹል ብረቱን ጫማዬ ላይ አሰርኩና የእሳቸውን ዱካ ተከተልኩ። ጉም ሲመጣ ዱካው ይጠፋል፤ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሲገለጥ ከበላዬ ነጫጭ የተራራ ፍየሎች በረዶው ላይ ተኝተዋል። ደስታዬን የምነግረው ሰው አጠገቤ ባይኖርም ጮክ ብዬ «እሰይ!» አልኩ።

የቀረኝ ስፕሬይ ፓርክ የሚባለው የተራራ መስክ ነው። በዚያ የሚያልፈው አማራጭ መንገድ ከፍ ስለሚል በረዶው ይዘገያል፤ እኔም ዝቅ ባለው፣ ኢፕሰት በሚባለው መተላለፊያ በኩል ነው ያለፍኩት። ለሚቀጥለው ፈቃድ የምጠይቀው የኦገስትን መጨረሻ ነው።