በቡሌት ቴላዮ ላይ የናፍጣ ሞተር

የድሮው ሮያል ኢንፊልድ ቡሌት ሞተር ሳይክል ካምቢዮው ከሞተሩ የተለየ ስለሆነ ለናፍጣ ሞተር እጅግ ይመቻል። 186ኤፍ የሚባለው ባለ አንድ ሲሊንደር የጄኔሬተር ሞተር በደቂቃ 3600 ዙር ላይ ወደ 10 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ገቨርነሩ (የሞተሩን ዙር የሚገድበው ክፍል) አይለቀውም።

ስለዚህ ዋናው ሥራ የጥርስ ስሌት ነው። በመጨረሻው ማርሽ ጠቅላላ ቅነሳው 5 ለ 1 ከሆነ (ሞተሩ 5 ጊዜ ሲዞር ጎማው 1 ጊዜ) ጎማው በደቂቃ 720 ጊዜ ይዞራል፤ ዙሪያው 2 ሜትር ከሆነ በሰዓት 86 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቤንዚኑን ጥርስ እንዳለ ከተዉት ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ብዙ አይፈጥንም።

ንዝረቱ ክፉ ነው፤ የሞተር መያዣውን በ8 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይሥሩ፣ ቀጭኑ ብየዳው ጥግ ላይ ይሰነጠቃል።

አዲስ የተገጠመው ሞተር አልነሳ ካለ መጀመሪያ በናፍጣ መስመሩ ውስጥ የቀረ አየር ይጠርጥሩ። የኑዝሉን (ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨውን) ቱቦ ዳዶ በትንሹ አላልተው፣ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ሞተሩን ያዙሩ፤ ከዚያ ያጥብቁ።