መነጽሩ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር

ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ የበርና መስኮት ብየዳ ቤት አለኝ። አራት ልጆች ይሠሩልኛል። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ንግድ ፈቃዱም ግብሩም በወረፋ ያልቃል። የዓይን መከላከያ መነጽርም ገዝቻለሁ። ግን ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። የድሬን ሙቀት ለሚያውቅ ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ላብ ይሸፍነዋል።

አንድ ቀን ከልጆቹ አንዱ በግራይንደር ቱቦላሬ ሲቆርጥ ስባሪ ብረት ዓይኑ ውስጥ ገባ። «ጋሼ፣ ምንም አይደል» አለኝ። እኔ ሞኙ በመሐረብ ጫፍ ላወጣለት ታገልኩ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። አትሹት፣ አትነካኩት፤ ሳትጫኑ ሸፍናችሁ ሐኪም ቤት ውሰዱት። እኔ ባጃጅ የጠራሁት ስታገል ቆይቼ ነው።

ሕክምናውን ከፈልኩ። ለተኛበት ሦስት ሳምንት ግማሽ ደመወዝ ሰጥቼ ደግ የሠራሁ መሰለኝ። አጎቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን በእጁ ይዞ መጣ። ለካ የመጀመሪያው ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ ነው። ቀጣዩ ሦስት ወር ከ75 በመቶ፣ ከዚያ ያለው ስድስት ወር ከ50 በመቶ አያንስም። «መነጽሩን ያላደረገው እሱ!» ብል ወይ ፍንክች፤ አሠሪ ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ግልጽ የደህንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ሰክሮ ከሆነ ሌላ ነው።

የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚያየው ቢሮ ስንሄድ «መመሪያውን የፈረመበት የታለ? የአደጋ መዝገብዎስ?» ተባልኩ። አፌን ያዝኩ። አደጋ ተመዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ መነገር ነበረበት። ቅጹን ግን ሦስቴ መለሱብኝ። አንዴ ማህተም፣ አንዴ ቀን፣ ሦስተኛው ሰውየው ምሳ ወጥቷል። ልጁ ዓይኑን ታሽጎ አጠገቤ ቆሟል፤ እነሱ የሚታያቸው ማህተሙ ነው። እስካሁን ያናድደኛል።

«ማስጠንቀቂያ ለጥፍ» አሉኝ። ለጠፍኩ፤ የሚያነበው የለም። የሠራው ሌላ ነው። አየር ማስገቢያ ያለው መነጽር ገዛሁ፤ ርካሹ ገንዘብ ማባከን ነው። ብረት የምንቆርጠው ጠዋት ብቻ ሆነ። የግራይንደሩ ማራዘሚያ ገመድ እኔ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፣ ከመነጽር ጋር ካልሆነ አይወጣም። እኔም ልኬት ስወስድ እንኳ አደርገዋለሁ። ልጆቹ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

ልጁ ድኖ ተመልሷል፤ የጎደለውንም ደመወዝ ሞልቻለሁ። ባሰመርኩት መዝገብ የመጀመሪያው መስመር የእሱ ነው። «ብረቱ የገባበት» ከሚለው ሥር 8፡20። «ሐኪም ቤት የደረሰበት» ከሚለው ሥር 9፡35።