127 ይገባል፣ 128 አይገባም

ደንበኞች ድጋፍ ላይ የምትሠራ ባልደረባዬ ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ "ድሮ የተመዘገቡት ሰነዳቸውን ይከፍታሉ፤ አዲሶቹ ግን እምቢ ይላቸዋል" ስትለኝ አላመንኳትም። ኮዱ ውስጥ ድሮና አዲስ የሚለይ አንድም መስመር የለም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የሰነዱ ባለቤት የምዝገባ ቁጥርና የገባው ሰው የምዝገባ ቁጥር እኩል ናቸው? ከሆኑ ይከፍታል። ካልሆኑ "ይህ ሰነድ የእርስዎ አይደለም" ይላል።

እኔም እንደ ወጉ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ፈለግኩ። ዳታቤዙን አየሁ፤ የባለቤቱ ቁጥር ትክክል ነው። ሎግኢኑን አየሁ፤ የገባው ሰውየው ራሱ ነው። ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሳሁት (ይሄ መቼም የሁላችንም ጸሎት ነው)። ምንም። በመጨረሻ "እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል" አልኳት። እውነቴን ነበር። ቴስቶቼ (ኮዱን የምፈትንባቸው ሙከራዎች) ላይ ያሉት ተጠቃሚዎች ቁጥራቸው 1፣ 2 እና 3 ነው።

ልጅቷ ግን የዋዛ አይደለችም። ከሰዓት በኋላ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። ቅሬታ ያቀረቡትን ሁሉ በቁጥራቸው ደርድራቸዋለች።

"እየው፣ 127 ሰነዱ ውስጥ ይገባል። 128 አይገባም። ከዚያ በላይ ያለ አንድም ሰው አይገባም።"

127 ስትል ጆሮዬ ቆመ። ለፕሮግራመር ይሄ ተራ ቁጥር አይደለም፤ ኔጌቲቭም በሚይዝ 1 ባይት (አነስተኛ የሜሞሪ ክፍል) ውስጥ የሚገባው ትልቁ ቁጥር ነው።

ዲበገሩን (ኮድን እያቆሙ የሚመረምሩበትን መሣሪያ) ከፍቼ ማነጻጸሪያው መስመር ላይ አቆምኩት። በግራ 128፣ በቀኝ 128። የ== ("እኩል ናቸው?" የሚለው ምልክት) መልስ ፎልስ፣ ማለትም "አይደሉም"። ዓይኔን አሸት አሸት አደረግኩ። ከቁጥሮቹ አጠገብ በደበዘዘ ቀለም የተጻፈውን ያየሁት ያኔ ነው። አንዱ ኢንቲጀር@5021 ይላል፣ ሌላው ኢንቲጀር@5034። ቁጥሩ አንድ፣ የያዘው ኦብጀክት (ሜሞሪ ላይ ያለ የመረጃ እሽግ) ግን ሁለት።

አማርኛችን ይህን ልዩነት አሳምሮ ያውቀዋል። "እኔና ወንድሜ አንድ ዓይነት ጫማ አለን" ማለት ሌላ፣ "እኔና ወንድሜ አንድ ጫማ አለን" ማለት ሌላ። ሁለተኛው ጠብ አለው። ኮዱ በተጻፈበት ቋንቋ በጃቫ == በሁለት ኦብጀክቶች መካከል ሲገባ የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው፦ ሁለቱ ሪፈረንሶች (ጠቋሚዎች) የሚያመለክቱት ሜሞሪ ላይ ያለውን ያንኑ አንድ ኦብጀክት ነው ወይ? ይዘቱን አያይም። ይዘት የሚያየው ኢኳልስ የሚባለው ትእዛዝ ነው።

ታዲያ እስከ 127 እንዴት ሠራ? ጃቫ ተራውን ቁጥር (ኢንት) ኢንቲጀር በሚባል ኦብጀክት ውስጥ ሲያሽግ፣ ከ-128 እስከ 127 ላሉት ቁጥሮች በየጊዜው አዲስ ኦብጀክት አይፈጥርም፤ አስቀድሞ ያዘጋጀውን ይሰጣል። ስለዚህ 5 የትም ቦታ ያው 5 ነው፣ ==ም "አዎ" ይላል። ከ128 ጀምሮ ግን በተለምዶ አዲስ ይፈጠራል። ፓይተን የሚባለው ቋንቋም ይህ አመል አለበት፤ የተለመደው ማስፈጸሚያው ሲፓይተን ቢያንስ ከ-5 እስከ 256 ያሉትን አስቀምጦ ይሰጣል፣ ቁጥርን በኢዝ (የፓይተን "ራሱ ነው?") የሚያነጻጽር ሰውም እዚያው ጉድጓድ ይገባል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሁልጊዜ ቢሳሳት ኖሮ በመጀመሪያው ቴስት ይያዝ ነበር።

ጥፋተኛውን ስፈልግ ራሴን አገኘሁ። ከሳምንት በፊት ባለቤት የሌላቸው ሰነዶች መምጣት ስለጀመሩ፣ የባለቤቱን ቁጥር ከኢንት ወደ ኢንቲጀር ቀይሬው ነበር፤ ኢንት ነል (ባዶ፣ "የለም" ማለት) መያዝ አይችልምና። የገባው ሰው ቁጥር ቀድሞም ኢንቲጀር ነው። አንዱ ኢንት ሳለ ጃቫ ሌላውን ከእሽጉ ፈትቶ ቁጥር ከቁጥር ያነጻጽር ነበር። ሁለቱም ኢንቲጀር ሲሆኑ ያው == ሪፈረንስ ማነጻጸር ጀመረ። መስመሩ ግን አንድ ፊደል አልተነካም። ኮዴን የገመገመው ልጅም አይፈረድበትም፤ ሪቪው ላይ ጎልቶ የሚታየው የተቀየረው መስመር ነው።

ቶሎ ብዬ በኢኳልስ ተክቼ ለቀቅኩት። 128ኛው ደንበኛ ገባ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ባለቤት የሌላቸው ሰነዶች በነል ፖይንተር ኤክሰፕሽን (ባዶ ነገር ላይ ትእዛዝ ሲጠራ በሚመጣ ስህተት) መውደቅ ጀመሩ። ነል ላይ ኢኳልስ ጠርቼ! ታይፑን የቀየርኩት ያንኑ ነል ለመቀበል ብዬ አልነበር? ኦብጀክትስ በሚባለው የጃቫ ክላስ ውስጥ ባለው ኢኳልስ አስተካከልኩት፤ እሱ ነል ሲመጣ አይደነግጥም። ግን ሁለቱም ነል ከሆኑ "እኩል ናቸው" ይላል። ሎግኢን ያላደረገ ሰው ባለቤት የሌለውን ሰነድ እንዳይወስድ ከላዩ አንድ ፍተሻ ጨመርኩበት።

በእልህ ፕሮጀክቱ ውስጥ ያለውን == ሁሉ ላጠፋ ተነስቼም ነበር። አንዱ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። የሥራ ወረፋው ማለቁን ለማሳወቅ የሚላክ አንድ ልዩ ኦብጀክት አለ። እዚያ ጥያቄው "ይመሳሰላል?" ሳይሆን "ራሱ ነው?" ነው፤ ባዶ ሥራም በይዘቱ እሱን ሊመስል ይችላል። ==ን ተውኩትና "ሆን ተብሎ ነው" የሚል ኮሜንት ጻፍኩበት።

ወደ ማምሻው ባልደረባዬ "ለደንበኞቹ ምን ብዬ ልጻፍላቸው?" አለችኝ። ስለ ኢንቲጀር ማስረዳት ጀመርኩ። ጫማው ጋ ስደርስ አቋረጠችኝ።

"'ተስተካክሏል' እላቸዋለሁ።"

ቴስቶቼ ላይ ያሉትን ተጠቃሚዎች 1001፣ 1002 እና 1003 ብዬ ቀይሬ ከቢሮ ወጣሁ።